እንቢ ያለው ኮሮላ

ኮሮላው በመጎተቻ መኪና ነው የመጣው። ባለቤቱ፣ «ሽሮ ሜዳን አልፌ የእንጦጦን ዳገት ስጀምር ነዳጅ ብረግጥ ብረግጥ እንቢ አለኝ፤ ቼክ ኢንጂን በራ፤ ከኋላዬ ደግሞ አይሱዙ!» አሉኝ። የብልሽት ኮድ የሚያነበውን ማሽን ሰካሁ፤ ፒ 2135 አለ። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍተውና የሚዘጋው በር፣ የትሮትሉ፣ ሁለት ሴንሰሮች ስንት እንደተከፈተ አልተስማሙም ማለት ነው። አልተጨነቅኩም፤ ትሮትል ቦዲው ሞቷል አልኩ። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ተገዛ፣ ገጠምኩ፣ ኮዱን አጠፋሁ፣ ግቢ ውስጥ ነዳጅ ስሰጠው እንደ አዲስ ጮኸ። ሒሳቤን ተቀበልኩ።

በሦስተኛው ቀን ደወሉ። እዚያው ዳገት ላይ ናቸው።

አብሮን የሚሠራው አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «ስንት ቮልት አነበብክ?» ዝም አልኩ።

ሞተር ሳላስነሳ ቁልፉን አብርቼ የቮልት መለኪያውን፣ የቴስተሩን፣ ጫፍ በትሮትሉ ሶኬት ጀርባ አስገባሁ። (ቁልፍ በርቶ ጣት ወደ ቢራቢሮው፣ ወደ ትሮትሉ ክብ ክዳን፣ አይጠጋም፤ ትነክሳለች።) ፔዳሉ ሳይረገጥ አንደኛው ገመድ 0.7፣ ሁለተኛው 2.4 ቮልት። ረዳቴ ቀስ እያለ ሲረግጥ ሁለቱም ሳይዘሉ ወጡ። ምንም እንከን የለም። «አሁን ገመዱን ነቅንቀው» አለኝ አንጋፋው። የገመዶቹን ጥቅል ስስበው ሁለቱም 1.6 ላይ ቁጭ አሉ።

ሁለቱ ሴንሰሮች ሆን ተብሎ የተለያየ ቮልት እንዲሰጡ ነው የተሠሩት፤ ገመዶቹ ቢነካኩ ኮምፒውተሩ የሚነቃው በዚሁ ነው። እኩል ካነበበ አንዱንም አያምንም። የትሮትሉን ሞተር ኤሌክትሪክ ይቆርጣል፣ ስፕሪንጉ ቢራቢሮውን ወደ 6 ወይም 7 ዲግሪ ይመልሳል፣ መኪናው ይንፏቀቃል። ትሮትሉ በራሱ ፈቃድ ተከፍቶ ከሚፈተለክ ይሄ ይሻላል፤ እንቢ ያለው ለጋሼ ብሎ ነው።

ዳገት ላይ ብቻ የሆነው ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ ስላለቀ ነው። ጭነት ሲበዛበት ሞተሩ ይጋደማል፣ ጥቅሉን ይስባል፣ ከብረት መያዣው ጋር ሲፋተግ የከረመው ላስቲክ ውስጥ ሁለቱ መዳቦች ይነካካሉ። ግቢ ውስጥ አቁሜ ዓመት ሙሉ ነዳጅ ብሰጠው አላገኘውም ነበር።

ገመዶቹን በሊድ በይደን ለየብቻ ሸፈንን፣ ጎማው ተቀየረ። የራሱን ትሮትል ቦዲ አጽድቼ መለስኩለት፤ የሌላኛውን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ።

ጋሼ ብሩን ቆጥረው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ቴስተሩን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ያን ቀንም ነበረህ?»

«ነበረኝ፣ ጋሼ።»