የእማዬ መቀስ
ዛሬ ጠዋት የጥርስ ሳሙናው አለቀ ብዬ ልጥለው ስል እማዬ ከእጄ ወሰደችው። «ቆይ እስቲ» አለችና መቀስ አመጣች። ቱቦውን ወገቡ ላይ ቆረጠችው።

ውስጡን ሳየው ገረመኝ። ግድግዳው በሙሉ ነጭ ነው። አንገቱ ጋ ደግሞ ወፍራም ሆኖ ተጠራቅሟል። እኔ ጨምቄ ጨምቄ ተስፋ የቆረጥኩበት ቱቦ! የታችኛውን ቁራጭ እንደ ቆብ መልሳ ደፋችበት፤ እንዳይደርቅ ነው። ለቤቱ ሰው ሁሉ ገና የቀናት ሳሙና አለው።

ከዚያ ዓይኗ የ5 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ብሩሽ ላይ አረፈ። ማስታወቂያ ላይ እንደሚታየው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶታል። ለእሱ ዕድሜ እኮ የአተር ፍሬ የምታክል ትበቃለች። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ የሩዝ ፍሬ ታህል። ልጅ ሲበዛለት ይውጠዋል፤ ሳሙናው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የሚባል ጥርስ የሚያጠነክር ማዕድን ደግሞ ሲዋጥና ሲበዛ ገና በማደግ ላይ ያለ ጥርስን ነጠብጣብ ያደርገዋል።

ብሩሽ ላይ ግን ቁጠባ የለም። በ3 ወይም በ4 ወር፣ ጸጉሩ ከተንጨፈረረ ደግሞ ከዚያም በፊት መቀየር ነው።

«እኛ የወይራ መፋቂያችን ጫፉ ሲያረጅ ቆርጠን አዲስ ጫፍ እናኝክ ነበር» አለችኝ። መቀሱን መታጠቢያው ጋ ትታልኝ ወጣች።