ቀንደ ሰባራዋ

ነገሩ የሆነው ጎሽ ስንቆጥር ነው። ፓርኩን በስም አልጠራም። ኦሞ በሉት፣ ማጎ በሉት፣ ጨበራ ጩርጩራ በሉት፤ ጎሽ ሁሉም ጋ አለ።

ወሩ የካቲት ነው። ሣሩ ተቃጥሎ ለምለሙ ብቅ ብቅ ብሏል። ለቆጠራ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም፤ ክረምት ላይ ሣሩ ከሰው ቁመት ስለሚበልጥ አጠገብህ የቆመ ጎሽም አይታይህም። አንድ ፕሮጀክት የላከው ባለሙያ አብሮን ነበር። ወጣት ነው፤ ጂፒኤሱም ቦት ጫማውም አዲስ።

ጠዋት ኮረብታው ሥር አንድ መንጋ ቆጠርን። ከሰዓት በኋላ ወንዙ ዳር ጥላ ውስጥ ሌላ መንጋ ተኝቶ አገኘን። «ሌላ» ያለው እንግዲህ እሱ ነው።

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) በመነጽሩ አይተው መለሱለትና «ጌታው፣ ይሄማ የጠዋቱ ነው» አሉት።

«በምን አወቅክ?»

አወቅክ! አባቱ የሚሆኑ ሰውዬ ናቸው። የተሸማቀቅኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ከነገርም አልቆጠሩት።

«ቀንደ ሰባራዋ አለችበት። የግራ ቀንዷ የለም።»

«በዚህ ሁሉ ጎሽ ውስጥ ቀንደ ሰባራ አንድ ብቻ ናት?»

«ይሁን። ከኋላዋ ያለው ጭራው የተቆረጠው ጥጃስ? እሱም ብዙ ነው?»

ባለሙያው ቅጹን ገለጥ ገለጥ አደረገ። «እዚህ ላይ እንዲህ የሚባል ነገር የለም» አለና «ሌላ መንጋ» ብሎ ጻፈ።

ጎሽ በየቀኑ ውኃ ካልጠጣ አይሆንለትም። ጠዋት ይግጣል፣ ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ጥላና ወደ ውኃ ይወርዳል። መንጋውም ይከፈላል፣ ተመልሶ ይቀላቀላል። ለዚህ ነው ጎረቤት ቦታዎች በአንድ ሰዓት በተለያየ ቡድን የሚቆጠሩት፣ መንጋው የሄደበት አቅጣጫም የሚመዘገበው። ይህን እሱም ተምሮታል። ግን መኪናው አንድ፣ ነዳጁ ትንሽ፣ የአበሉ ቀን ደግሞ እያለቀ ነበር።

ሪፖርቱ ወጣ። ጎሾቹ «በፕሮጀክቱ ድጋፍ» መጨመራቸው በባለቀለም ግራፍ ታየ። ጎሽ 11 ወር ገደማ አርግዛ የምትወልደው አንድ ጥጃ ነው። በግራፉ አካሄድ ግን መንታ መንታውን ሳትወልድ አልቀረችም።

ጣጣው የመጣው በሚቀጥለው ቆጠራ ነው። በሁለት ቡድን፣ በአንድ ሰዓት ቆጠርን፤ ቁጥሩ ወረደ። ወዲያው ከላይ ደብዳቤ መጣ። ጎሾቹ የት እንደገቡ፣ ሕገወጥ አደን ካለም ስካውቶቹ ምን ሲሠሩ እንደነበር በጽሑፍ ይገለጽ ይላል።

ሳነብላቸው ጋሼ ከት ብለው ሳቁ። «ሬሳ የለ፣ ጥንብ አንሳ አልዞረ፤ ምን ሞተ ይባላል? ቀንደ ሰባራዋ ትጠየቅ ብለህ ጻፍ።»

እንዲህ ተብሎ አይጻፍም። «በቆጠራ ዘዴ ልዩነት የተፈጠረ ነው» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው፣ ማንንም አይነካም። ባለሙያው በዚያው ሰሞን እድገት አግኝቷል፤ እንኳን ደስ አለው።

ከዚያ ወዲህ በስንት ጭቅጭቅ ቅጹ ላይ «ልዩ ምልክት» የምትል ዓምድ አስጨምረናል። ባለፈው የተሞሉትን ቅጾች ሳገላብጥ፣ አንዱ አዲስ ስካውት ዓምዷን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሞልቷታል፦ «ቀንድ አለው»።