ለቆራሌው ሊሰጥ የነበረው አምፕ

አቦ ዛሬ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የሚኖሩ አንድ አባት «ልጄ፣ ይሄን የሟች ወንድሜን ዕቃ ለቆራሌው ከመስጠቴ በፊት እስቲ እየው» ብለው ጠሩኝ። አቧራውን ስጠርገው ፊቱ ጥቁር ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ፣ የድሮ የጊታር ድምፅ ማጉያ (አምፕ)!

ገመዱን ይዘው ወደ ሶኬቱ ሲሄዱ «አባባ፣ ተዉት!» ብዬ ጮህኩ። ለአሜሪካ 117 ቮልት የተሠራ ነው፤ በእኛ 220 ቢሰካ አለቀለት። ሳይሰካም ቢሆን ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ይዘው የሚያቆዩት ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ውስጡን በእጃችሁ አትንኩ።

ከኋላ በባትሪ አየሁት። ሣጥኑ ውስጥ የተለጠፈው፣ የአምፑ ቲዩቦች (የመስታወት አምፖል የሚመስሉት) የተዘረዘሩበት ወረቀት ላይ «ኦ» እና «ኢ» የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ተመተዋል። የመጀመሪያው ዓመት ነው፤ «ኤ» 1951 ብላችሁ ስትቆጥሩ «ኦ» 1965 ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው ወር ነው፣ ሜይ። ወረቀት ሊቀየር ስለሚችል ግን አላመንኩም። ስፒከሩ ላይ 465-514 ይላል፦ 465 የስፒከሩ ሠሪ ኦክስፎርድ፣ 5 የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ፣ 14 ሳምንቱ። የትራንስፎርመሩ ቁጥርም እዚያው 1965 ላይ ገጠመ። ሁሉም የራሱ ነው! ዋጋውን የሚይዘው ይሄ ነው። ያረጀ ካፓሲተር ቢቀየር ችግር የለውም፤ ስፒከር ወይም ትራንስፎርመር ከተቀየረ ግን ዋጋው ይወርዳል።

«የሣጥኑን ልብስ በአዲስ ልቀይረው?» አሉኝ። በፍጹም አልኳቸው። ጠርዙ ላይ ያለውን የሲጋራ ጠባሳ በጣታቸው ዳሰሱና «እዚህ ጋ ነበር የሚያስቀምጠው» ብለው ዝም አሉ።

ቆራሌው ማታ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።