ጌሾና ሳተላይት

በጳጉሜን እናቴ ለመስቀል ጠላ ስትጠነስስ፣ ጌሾ ከተዘፈዘፈበት ውሃ በነጠላ አጥልዬ አንድ ብርጭቆ ቀዳሁና ወደ መስኮቱ አነሣሁት። «ልትጠጣው ነው እንዴ? መራራ ነው እኮ!» አለችኝ። ቅጠሉ በጨርቁ ቀርቷል፤ ውሃው ግን ቀጭን ሻይ መስሏል። እኔን ያስፈዘዘኝ ይኸው ከማጥለያ የሚያመልጥ ቀለም ነበር።

ቀን ቀን ኮምቦልቻ በአንድ ላቦራቶሪ ውሃ እመረምራለሁ፤ ማታ ደሴ ሆጤ ቤቴ ገብቼ የሳተላይት ምስል እከፍታለሁ። ወንዝ ከጫካና ከረግረግ የበሰበሰ ቅጠል ጭማቂ ይዞ ይወርዳል። ከዚህ በውሃ የሟሟ ቁስ ባለቀለሙ ክፍል ሰማያዊ ብርሃንን ይውጣል፤ ኮንጎ ወደ አትላንቲክ ሲገባ ውሃው የጠቆረ ሻይ የሚመስለው በዚህ ነው። ጨው አልባው የወንዝ ውሃ ከባሕሩ ጋር ሲደባለቅ፣ ጨው እየጨመረ በሄደ ቁጥር ቀለሙ እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ በወንዝ አፍ ላይ ቀለሙን የለካ ሰው የውሃውን ጨዋማነትም መገመት ይችላል።

ችግሩ ሰማያዊ ብርሃንን የሚውጠው ጌሾ መሰሉ ቁስ ብቻ አለመሆኑ ነው። በውሃው ያሉት ደቃቅ ዕፅዋትም እዚያው ሰማያዊው የብርሃን ሞገድ ላይ፣ 440 ናኖሜትር አካባቢ፣ ይሻሙበታል። አየሩም አለ፦ ከውሃ በላይ ሳተላይቱ ከሚያየው ብርሃን እስከ 90 በመቶው ከአየሩ የተበተነ ሊሆን ይችላል። ብዙ ባለሙያዎች ሰማያዊውን ትተው አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር የሚያነጻጽሩት ለዚህ ነው። ያም ሆኖ ጀልባ ላይ ወጥቶ በጠርሙስ ውሃ የቀዳ ሰው ከሌለበት፣ ያማረውን ባለቀለም ካርታ እኔ በበኩሌ አላምነውም። በውሃ መርማሪነቴ አድልቼ ይሆናል።

የእኔ ወንዝ ቦርከና ግን አፍ የለውም። ኮምቦልቻን አቋርጦ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ሴንቲኔል-2 የተባሉ ሁለት የአውሮፓ ሳተላይቶች እየተፈራረቁ በየ5 ቀኑ አንድን ቦታ ያነሣሉ፤ በአረንጓዴውና በቀዩ የምስሉ አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። በበጋ ቦርከና በዚያች ነጥብ ውስጥ ከአሸዋውና ከዳር ሣሩ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ስለዚህ ከደሴ በስተሰሜን ወዳለው፣ ስሙም «ሐይቅ» ወደሆነው ሐይቅ ዞርኩ፤ እርሱ ሰፊ ነው፣ ይታያል።

ይታያል ስል ሰማዩ ሲፈቅድ ነው። የዚያን ሳምንት ምስል ስከፍት ከጦሳ ተራራ እስከ ሐይቅ ድረስ ነጭ ጥጥ ነበር፤ በደመና ውስጥ የሚያይ የብርሃን ካሜራ የለም። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወደ መስኮቱ ስመለስ፣ እናቴ ውሃዬን ወደ ጋኑ መልሳ ብርጭቆውን አጥባ ደፍታዋለች።