«600 ምን?»

ጎንደር ክረምት ሲገባ ፒያሳ በረንዳ ስር ቆሞ ዝናብ ከማየት ሌላ ብዙ ሥራ የለም። እኛ ፖከር ጀመርን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ አራዳ አካባቢ አንድ ጓደኛችን ቤት ስምንት ሆነን እንሰበሰባለን። ብር አይያዝም፤ የተሸነፈ ማኪያቶ ይጋብዛል። እናቴ ግን እስከ ዛሬ «ቁማርተኞቹ» ነው የምትለን።

ቺፕ ስለሌለን በቤት ያለውን ተጠቀምን። ሽምብራ 10፣ ባቄላ 50፣ የዳሽን ቆርኪ 100። ለአንድ ሰው 10 ቆርኪ፣ 7 ባቄላ፣ 15 ሽምብራ፤ በድምሩ 1500። ጨዋታው ቴክሳስ ሆልደም ነው፤ ሁለት ካርታ በእጅ፣ አምስት ጠረጴዛ ላይ። አንድ ለአንድ እንገጥማለን፣ ያሸነፈ ያልፋል። በሦስት ዙር ያልቃል።

ብላይንድ ማለት ካርታ ሳይታይ በግድ የሚወጣ መዋጮ ነው። አንዱ ትንሹን ይከፍላል፣ ሌላው ትልቁን። ከ10/20 ጀምረን በየ10 ደቂቃው ስልክ ሲጮህ ወደ 20/40፣ 30/60፣ 50/100፣ 100/200 እናሳድገው ነበር። ለምን ተቻኮላችሁ ብትሉኝ፣ የአክስቴ ልጅ አዘዞ ነው የሚኖረው። ታክሲ ሳይጠፋ መሄድ አለበት።

መጀመሪያ የሠራነው ስህተት የካርታ አዳዩ ጉዳይ ነበር። ብዙ ሰው ሲጫወት ትንሹን ብላይንድ የሚከፍለው ከአዳዩ ቀጥሎ ያለው ነው። ሁለት ሰው ብቻ ሲሆን ግን አዳዩ ራሱ ይከፍላል። ፍሎፕ፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት ካርታዎች፣ ከመምጣቱ በፊት ቀድሞ ይወስናል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ መጨረሻ ላይ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በተቃራኒው ተጫወትን።

የእኔ ችግር ሌላ ነበር። ትዕግስተኛ ነኝ። «የታገሰ ከሚስቱ ይወልዳል» እየተባለ ያደገ ሰው ካርታም ሲይዝ ይታገሳል። ደህና ካርታ እስኪመጣ እጥላለሁ፣ እጥላለሁ። 10/20 ላይ ይሄ ብዙም አይጎዳም፤ 1500 ማለት 75 ትልቅ ብላይንድ ነው። ጊዜ አለህ።

አንድ ቅዳሜ ከጋሼ ጋር ደረሰኝ። ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ለሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ናቸው። 50/100 ላይ ካርታ እንቢ አለኝ፤ 7 እና 2፣ 9 እና 3፣ እንዲህ ያለ ነገር። ጣልኩ። ስልኩ ጮኸ፣ 100/200 ሆነ። ስቆጥር 600 ቀርቶኛል። ያን ጊዜ ኤስ እና ኩዊን መጡልኝ። ደስ ብሎኝ ሁሉንም ገፋሁ።

«ስንት አለህ?» አሉኝ።

«600።»

«600 ምን?»

አልገባኝም። ካርታቸውን አንዴ አዩና ያንኑ ያህል አስይዘው ተከተሉኝ። ሲገልጡት 9 እና 6! ጥንድ የሚያደርግላቸው 6 ጠረጴዛው ላይ ወጣ፤ እኔም ወጣሁ። ቱግ አልኩ። «ጋሼ፣ በዚህ ቆሻሻ ካርታ እንዴት ይገባሉ?»

እርሳሳቸውን ከኪሳቸው አወጡ። በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ጻፉልኝ። «ልጄ፣ 200 አስቀድሜ ከፍያለሁ። ያንተ 600 ሲጨመር መሐል 800 አለ። እኔ የምጨምረው 400 ነው። 400 ከፍዬ 1200 ልወስድ ነው። ከሦስት አንዴ ካሸነፍኩ አልከሰርኩም። በ9 እና 6 ኤስ እና ኩዊንን ከ100 ጊዜ 35 ጊዜ በላይ አሸንፋለሁ። ማነው ያስገባኝ? አንተ ነህ። ሦስት ብላይንድ እስኪቀርህ ቆይተህ ስትገፋ በረከሰ ዋጋ አስገባኸኝ።»

ያን ሌሊት ብቻዬን አሰላሁ። አንድ እጅ ማለት ካርታ ታድሎ አንዴ መጫወት ነው። አስር ሰው ሲጫወት በ10 እጅ ውስጥ ሁለቱንም ብላይንድ አንዴ አንዴ ነው የምትከፍለው። ሁለት ሰው ሲሆን አምስት አምስት ጊዜ! 50/100 ላይ 1500 ይዞ 10 እጅ በዝምታ የጣለ ሰው 750 ይቀረዋል። ግማሹ በነነ ማለት ነው። ከሁለቱ ካርታህ ቢያንስ አንዱ ኤስ የሚሆነው በ7 እጅ አንዴ ገደማ ነው። ጥንድ ካርታ ደግሞ በ17 እጅ አንዴ። የምጠብቀው እንግዳ እስኪመጣ ቤቱ ይፈርሳል።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ቆርኪ መቁጠር ተውኩ። ያለኝን ለትልቁ ብላይንድ አካፍላለሁ። 1500 መጀመሪያ 75 ነበር። 30/60 ላይ 25፣ 50/100 ላይ 15፣ 100/200 ላይ ሰባት ተኩል። ቆርኪው ያው ነው፣ የያዝኩት ግን ያው አይደለም።

በእርግጥ መጀመሪያ ላይ አበዛሁት። አዲስ ነገር የተማረ ሰው ታውቃላችሁ። 30/60 ላይ፣ 25 ብላይንድ እያለኝ፣ በጃክ እና 4 ሁሉንም ገፋሁ። መሐል ያለው 90 ነው። ለ90 ብዬ 1500 አስያዝኩ! ተጋጣሚዬ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው፤ ሁለት ኪንግ ይዞ ነበር። ፈገግ እንኳ አላለም። በዝናብ ማኪያቶ ላመጣ ወጣሁ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ብዙ ብላይንድ ሲኖረኝ እንደ ድሮው፤ ፍሎፕ አያለሁ፣ እከተላለሁ፣ እጥላለሁ። 15 አካባቢ ስደርስ አነስ አድርጌ ነው የምጨምረው። 50/100 ላይ 300 ሳይሆን 200። ተጋጣሚዬ ሁሉንም ቢገፋብኝና ብጥል የሚጎድለኝ ያንሳል። ከ10 በታች ስሆን ግን ግማሽ ነገር የለም። ወይ ሁሉንም እገፋለሁ ወይ እጥላለሁ። 8 ብላይንድ ይዘህ ሁለት ተኩሉን አውጥተህ ከሸሸህ ሲሶህን አቃጠልክ። ከገፋህ ግን ሰውየው ሊጥል ይችላል። 100/200 ላይ 1500 የነበረው ሰው ገፍቶ ሌላው ከጣለለት 1700 ይሆናል፣ ካርታው ሳይታይ።

አንድ ነገር ግን ዘግይቶ ነው የገባኝ። ከአክስቴ ልጅ ጋር 100/200 ላይ እኔ 2000፣ እሱ 1000 ነበረን። 10 ብላይንድ አለኝ ብዬ ተዝናናሁ። እሱ በየእጁ ይገፋል፣ እኔ እጥላለሁ። ኪንግ እና 5 ይዤ ጣልኩ። ከኋላዬ የቆሙት ጋሼ «ኤጭ!» አሉ። ለካ የሚቆጠረው የትንሹ ሰው ነው። እሱ 5 ካለው እኔም የምጫወተው በ5 ነው፤ ትርፉ ለጌጥ ነው። ሒሳቡም ግልጽ ነበር። 800 ጨምሬ 2000 ልወስድ፣ ከ100 ጊዜ 40 ጊዜ ማሸነፍ ይበቃኛል። ሁሉን በሚገፋ ልጅ ላይ ኪንግ ከዚያ በላይ ያሸንፋል።

ይሄው የአክስቴ ልጅ ሲመራ ካርታ አበዋወዙን ብታዩ! አንዴ ይበውዛል፣ ይቆርጣል፣ ደግሞ ይበውዛል። ስልኩ እስኪጮህና ብላይንዱ እስኪጨምር ነው። መብራት በጠፋበት ቀን ደግሞ «አይታየኝም» ብሎ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ስለዚህ ደቂቃውን ትተን በእጅ ብዛት አደረግነው። በየ10 እጁ ብላይንዱ ያድጋል። እያንዳንዱ እጅ ሲያልቅ አንድ ክብሪት እንጨት ወደ ብርጭቆ ይገባል። አሥረኛው ሲገባ ጭቅጭቅ የለም። 50/100 ላይ ሽምብራው አያስፈልግም፤ ወደ ቆርኪ ተቀይሮ ይነሳል። የተቆላ ስለሆነ ይበላል።

ባለፈው ቅዳሜ መጨረሻው ዙር ላይ ከጋሼ ጋር ተገናኘን። 100/200 ስንደርስ እኩል ነበርን፣ 1500 በ1500። አዳዩ እኔ ነኝ። ኪንግ እና 4 አየሁ። ድሮ ቢሆን እጥለው ነበር። ሁሉንም ገፋሁ። ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ካርታቸውን በጠርዙ ገለጥ አድርገው አዩ። ቆዩ። ተከተሉኝ። ኩዊን እና 8።

አራት ካርታ ወጣ፣ አሁንም እኔ እበልጣለሁ። አምስተኛው 8 ሆነ።

«ስንት ነበረህ?» አሉኝ ቆርኪውን እየሰበሰቡ።

«ሰባት ተኩል።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እሽ። የእኔ ማኪያቶ ወተት አይብዛበት።»