ውሮ እምቢ ያለው ቡፌ

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለው የእንጨት ሥራ ቤታችን የምንቀበላቸው ትእዛዞች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ ዓይነት እየሆኑ መጥተዋል፤ ሰው የሚፈልገው ዕቃ የሚውጥ ዕቃ ነው። ከሥሩ መሳቢያ ያለው አልጋ፣ ክዳኑ ሲነሣ ብርድ ልብስ የሚይዝ አግዳሚ፣ ከተበላበት በኋላ ግድግዳ ላይ የሚታጠፍ ጠረጴዛ። ሳሎኑም መኝታውም አንድ ክፍል በሆነበት ስቱዲዮ ለሚኖር ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም። እንግዳ በድንገት ሲያንኳኳ ሳይሸማቀቁ በር መክፈት ክብር ነው፤ ሙያዬን የምወደውም ለዚህ ነው። አሁን ደግሞ የድመት ዕቃ መደበቂያ የሚያሠሩ በርክተዋል። ድመቱ የሚጸዳዳበትን የአሸዋ ሳፋ፣ የምግብ ሳህኑን፣ የአሸዋውን ከረጢት በአንድ ቡፌ ውስጥ አድርጉልን ይሉናል።

ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህርት የደወሉልኝ ግን ለአዲስ ሥራ አልነበረም። ሌላ ቦታ ያሠሩት ቡፌ በሩ አልገጥም ብሏቸው ነው። ስደርስ ቡፌው ቴሌቪዥን ተሸክሞ ግድግዳውን ተጠግቷል፤ ነጭ፣ ቀጫጭን እግር ያለው፣ ከፊት ለፊት ሲያዩት የሚያምር ሥራ ነው። ግራ በሩ ላይ ለድመት መግቢያ የሚሆን ክብ ቀዳዳ አለው።

«በሩን ብቻ አስተካክልልኝ ልጄ» አሉኝ። «ድመቱንማ ለሰው ልሰጠው ነው። ዐመሉ ተበላሸ።»

ውሮ ለዓመታት ንጹሕ ድመት ነበር። ቡፌው ከገባ ወዲህ ግን ፍራሽ ላይና በር ላይ ባለው ምንጣፍ ላይ መሽናት ጀመረ። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስደውት ፊኛውም ኩላሊቱም ደህና ነው ተብሏል። መጀመሪያ ወደ ሐኪም መሄዳቸው ትክክል ነበር። በተለይ ወንድ ድመት እያማጠ ሽንት እንቢ ካለው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ያ የአናጺ ጉዳይ አይደለም።

በሩን ስከፍተው ጉሮሮዬን የሚያቃጥል ሽታ ፊቴን መታኝ፤ ዐይኔ አነባ። «ምን ነክተውበታል እማማ?» አልኳቸው። ጠዋት ውስጡን በበረኪና ፈትገው መዝጋታቸውን ነገሩኝ። እርሳቸውም ከጠዋት ጀምሮ እያሳላቸው ነበር፤ ጉንፋን መስሏቸዋል።

መስኮቱንም የኮሪደሩንም በር ከፈትኩና ወደ በረንዳ እንዲወጡ ለመንኳቸው። የድመት ሽንት ሲቆይ ባክቴሪያ ዩሪያውን ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። በረኪና አሞኒያ ሲያገኝ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሳንባ የሚቆጣ ጋዝ ይወጣል። ክፍት ወለል ላይ ቢሆን በመጠኑ ይበተን ነበር፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ግን ተጠራቅሞ የሚከፍተውን ሰው ይጠብቃል። ሳፋውን አውጥቼ ቡፌውን በብዙ ንጹሕ ውኃ አጠብኩት። ሽታው ከለቀቀ በኋላ ነው በሳሙና ያሸሁት። ድመት ያለው ቤት ሁሉ ይህን እንዲያውቅ እወዳለሁ፤ በረኪና በየቤታችን አለ፣ ሽንት ያለበት ቦታ ላይ ግን አለማፍሰሱ ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ በሩ የተመለስኩት። ማጠፊያው ጤነኛ ነው። የቀዳዳውን ጠርዝ በጣቴ ስነካው ኤምዲኤፉ፣ ማለትም ከደቀቀ እንጨትና ሙጫ ተጨምቆ የተሠራው ጣውላ፣ እንደ ራሰ ዳቦ አብጦ ተፈረፈረ፤ ስንጥቁ ውስጥ ግራጫ ጸጉር ተሰክቷል። ፊቱና ጎኑ በነጭ ልባስ ተሸፍኗል፣ የተቆረጠው ቀዳዳ ግን ምንም አልተቀባም። ኤምዲኤፍ ደግሞ እርጥበት የሚጠጣው በተቆረጠ ጠርዙ በኩል ነው። ሽንቱ ገባ፣ እንጨቱ አበጠ፣ በሩ አልገጥም አለ።

ሜትሬን ዘረጋሁ። ቀዳዳው 14 ሳንቲ ሜትር፣ ውስጡ በርዝመት 50 ሳንቲ ሜትር። ውሮን በሥጋ አባብለው ከአልጋ ሥር አወጡልኝና ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር ለካሁት፤ 48 ሆነ። ሳፋ የድመቱን ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ይህ ወደ 72 ያደርሰናል። ውሮ እዚያ ውስጥ ገብቶ መዞር እንኳ አይችልም። አንድ መግቢያ ብቻ፣ ጨለማ፣ ጀርባው ድፍን፣ ከሰው በብዙ እጥፍ ለሚያሸት አፍንጫ የታፈነ አሞኒያና የአዲስ ሙጫ ሽታ። ይባስ ብሎ የምግቡ ሳህን ከአንዲት ስስ መክፈያ ማዶ ነው፤ ድመት ከሚጸዳዳበት አጠገብ መብላት አይወድም።

«እማማ፣ ውሮ ዐመለኛ አይደለም። ቤቱ አልሆነውም እንጂ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይተው ሳፋው ከዐይናቸው ከተሰወረ ወዲህ በየቀኑ መጥረጉን እንደተዉትም ነገሩኝ። ከዐይን የራቀ ከልብ ይርቃል ይባል የለ? እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ዕቃው ከእንግዳ ይደበቅ፤ ከባለቤቱ ከተደበቀ ግን መጽዳቱ ይረሳል። በየቀኑ መጥረግ ደግሞ ለሽታ ብቻ አይደለም፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ በድመት ዓይነ ምድር ከወጣ በኋላ ሰውን ለመያዝ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ሥራውን ሌላ ሰው ቢይዘው ይበጃል።

የሠራሁላቸው አግዳሚ ነው። ክፈፉ ዋንዛ፣ ውስጡ 80 በ50፣ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ የሚነሣ፤ ለመጥረግ መንበርከክ የለባቸውም። መግቢያው 20 ሳንቲ ሜትር፣ ጠርዙ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ የጠጣ ሲሆን ጀርባው በመስኮቱ በኩል ክፍት ነው። ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ አነጠፍኩና ዳር ዳሩን ወደ ላይ አጥፌ በሲሊኮን ዘጋሁት። ላሜራ ማንጠፍም ይቻል ነበር፤ ሲረግጡት ግን ይጮኻል፣ ድመት ይህን አይወድም። ቫርኒሹ ሽታው እስኪጠፋ ሥራ ቤታችን አቆየሁት። በዚህ ምክንያት ደንበኛ ቢቆጣም ይቆጣ።

አሸዋውን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ኤድ ሎው የተባለ አሜሪካዊ ሸክላ አፈር ለድመት ብሎ መሸጥ ሳይጀምር ሰው የሚጠቀመው አመድ፣ አሸዋና ሰጋቱራ ነበር። ከውጭ የሚገባው ውድ ስለሆነ እርሳቸውም ሰጋቱራ ከእኛ ይወስዳሉ። የምሰጣቸው የዋንዛውን ነው። የጥድ ሰጋቱራ የሚያውድ ዘይት ስላለው፣ የኤምዲኤፍ ብናኝ ደግሞ ሙጫ ስላለበት ለእንስሳ አይሆኑም፤ ረዳቶቼም ለይተው እንዲያስቀምጡ አዝዣለሁ።

ውሮን ግን ወዲያው አላስገባነውም። ሳፋው መጀመሪያ ከአግዳሚው አጠገብ ተቀመጠ፤ ከአሮጌው ሰጋቱራ አንድ እፍኝ ተጨመረበት። እየቆየ በየቀኑ ጥቂት ወደ ውስጥ ተገፋ። ምግቡ ወደ ማዶው ግድግዳ ሄደ። ፍራሹ ደረቀ።

መምህርቷ አሁን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመግቢያው ትንሽ በር ግጠምልኝ ይላሉ፣ ለእንግዳ። እኔ አልገጥምም ብያለሁ። አግዳሚውን አዙረን መግቢያው ወደ ግድግዳው ጎን እንዲሆን ተስማማን፤ ከሶፋው ላይ ሆኖ አይታይም። ጀርባው ከመስኮቱ ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅ አራት ጣት የሚያርቁ እንጨቶች ቸነከርኩበት። ያበጠውን በር ነቅዬ ወስጄዋለሁ፤ ቡፌው ላይ መደርደሪያ ገባበትና መጽሐፎቻቸው ተቀመጡበት።