ጥቅምት፣ ሻማ እና ሬሳ ያለበት መጽሐፍ

«ታድለሽ! ብርድ ልብስ ተከናንበሽ፣ ሻማ ለኩሰሽ፣ በመስኮት የሚረግፈውን ቅጠል እያየሽ መጽሐፍ ታነቢያለሽ አይደል?» ብላ አብሮ አደጌ ከአዲስ አበባ ጻፈችልኝ። መልእክቷ የደረሰኝ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ፣ እርጥብ ካልሲዬን ማሞቂያው ላይ ዘርግቼ፣ ያበጠ እግሬን ሳሽ ነው። አብራ የላከችው ፎቶግራፍ ላይ የሱፍ ሹራብ፣ እንፋሎት የሚተን ስኒ፣ የተገለጠ መጽሐፍና ዳር ላይ አንድ ዱባ አለ። ስቶክሆልም ማለት ያ ፎቶግራፍ ይመስላታል።

እርግጥ ፎቶግራፉ ከነጭራሹ ውሸት አይደለም። ስዊድኖች የመጸው መጽሐፋቸውን የሚመርጡት እኛ የበዓል በግ እንደምንመርጠው ነው፤ ያገላብጡታል፣ ይመዝኑታል፣ ጎረቤት ያማክራሉ። በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ የእኛ ኅዳር ሊያልቅ ሲል ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አትጠብቅም። በዚያው ሰሞን፣ በዓመቱ 44ኛ ሳምንት፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ድሮ ልጆች ተለቅቀው ድንች ስለሚለቅሙ የድንች ዕረፍት ይባል ነበር። ዛሬ ድንቹን ማሽን ስለሚያወጣው የንባብ ዕረፍት የሚል ስም ወጥቶለት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሁሉ ልጅ ለመሳብ ይሽቀዳደማሉ።

ለእኔ ግን ወቅቱ ራሱ የተገለበጠ ነው። ለእኛ የንባብ ጊዜ ክረምት ነው፤ ትምህርት ተዘግቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ቆሎ በእፍኝ ተይዞ። ጥቅምትማ ብርሃን ነው! ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ቀዝቅዞ፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» እየተባለ ሥጋ የሚታሰብበት ወር ነው። በጥቅምት ሰው ቤቱን ዘግቶ፣ ሻማ አብርቶ ከተቀመጠ ወይ መብራት ሄዷል፣ ወይ ለቅሶ ላይ ነው።

ሆኖም የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነውና እኔም አንድ መጸው ወደ ሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። «ለዚህ ጨለማ የሚሆን፣ ልብ ሞቅ የሚያደርግ መጽሐፍ ምረጪልኝ» አልኳት ለሠራተኛዋ፣ በራሷ ቋንቋ፣ ሰዋስው ሳልስት። ልጅቷ ፈገግ አለች። ከዚያ ልብ ወለዶቹን አሳልፋ፣ የታሪኩን መደርደሪያ አሳልፋ፣ የሕፃናት ወንበሮች አጠገብ ወዳለው ጥግ ወሰደችኝና አንዲት ስስ መጽሐፍ ሰጠችኝ። ፊደሏ የመንገድ ማስታወቂያ ያክላል። ቋንቋ ለሚለማመዱ ሰዎች የተዘጋጀች ናት። ታሪኳ እንዲህ ነው፦ ከሩቅ አገር የመጣች ሴት አውቶቡስ ያመልጣታል፤ መሀል ላይ ጠርሙስና ፕላስቲክ ለይታ መጣል ትማራለች፤ መጨረሻ ላይ ጎረቤቷ ቡና ትጋብዛታለች። በቃ፣ አለቀ።

አውቶቡስ ያመለጣት ሴት ማየት ካማረኝ መስታወት አለኝ እኮ! የሚያንገበግበው ልጅቷ ክፉ አለመሆኗ ነው። ብትሰድበኝ መልስ አላጣም ነበር። በንጹሕ ደግነት፣ ፊቴንና ፀጉሬን አይታ፣ የንባብ አቅሜን ገመተችው። እንደ ሐበሻ ደንብ ይሉኝታ ያዘኝና አመስግኜ ተዋስኩ። ባቡር ውስጥ ሽፋኑን ወደ ደረቴ አዙሬ ይዤው ሄድኩ። እስከ ዛሬ በዚያ ጥግ ሳልፍ ጆሮዬ ይግላል።

የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነው። እዚያ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ አሉ። ስዊድኖች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ አንቱታን እርግፍ አድርገው ስለተዉ አለቃውም ሽማግሌውም «አንተ» እና «አንቺ» ነው፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። ዓይናቸው ደክሟል። ሥራ ሲቀልልኝ መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን «ምን ላንብብልዎት?» ብዬ ስጠይቅ የአበባና የፍቅር ታሪክ ጠብቄ ነበር። እሳቸው «የግድያ ይሁን፤ መጸው አይደል?» አሉኝ።

ይህ ነው ጉዱ። እነዚህ ሰዎች ዘና ለማለት የሚያነቡት ስለ ሬሳ ነው። ትንሽ ቆንጆ መንደር ትኖራለች፣ ሐይቅ ይኖራል፣ በሐይቁ ውስጥ የሞተ ሰው ይገኛል፤ ከዚያ ሁሉም ቡና ያፈላሉ። በኦክቶበር 4 የቀረፋ ዳቦ ቀን የሚባል አላቸው። በዚያ ቀን እሜቴ ዳቧቸውን እየቆረሱ፣ ስኳሩን ከከንፈራቸው እየጠረጉ፣ እኔ አንገቱ ስለ ታነቀ ሰው ሳነብ በፉጨትና በትንፋሽ መሀል ያለችውን የስዊድን ድምፅ ስለ ሳትኩ «እንደገና በያት» ብለው አስቆሙኝ። ሰውየው እስክደግምላቸው ድረስ ሳይሞት ጠበቀ።

ለመሳቅ ግን አልቸኩልም። እኛስ? የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ታሪኮች፣ ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን የስለላ መጻሕፍት በክረምት ብርድ ልብስ ውስጥ እየተሻማን ያነበብን አይደለንም? ከፍ አሉ የምንላቸው መጻሕፍት ደግሞ ጭራሽ ምሕረት የላቸውም። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ መጨረሻውን ርዕሱ ላይ ተናግሮ ነው የወጣው። ያም ሆኖ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ምድሩ ሥራ አቁሞ እያለቀሰ ሰማው፤ እናቴ ዛሬም ያንን ጊዜ እንደ ደግ ዘመን ታነሣዋለች። ስዊድኖች በሰው ሬሳ ይሞቃሉ፣ እኛ በራሳችን እንባ።

እንግዲህ ለመምጣት ሻንጣ የምታዘጋጁ ስሙኝ። በርበሬውን ተዉት፤ በርበሬ ራሱ መንገዱን ያውቃል፣ በሰው በሰው ይደርሳችኋል። ከ23 ኪሎው ላይ አምስቱን ለአማርኛ መጽሐፍ ስጡ። እንዴት ሀብታም እንደምትሆኑ የሚመክረውን ሳይሆን ወፍራም ልብ ወለድ፣ በተለይም አንድ ጊዜ ያነበባችሁትን። በመጀመሪያው ጨለማ አእምሮ አዲስ ሰው መተዋወቅ አይፈልግም። የምትኖሩበትን አገር ቋንቋ ቀኑን ሙሉ በጥርሳችሁ ስትጎትቱ ውላችሁ፣ ማታ ዓይናችሁ ሳይደናቀፍ የሚሮጥበት ገጽ ካላገኛችሁ የሱፍ ካልሲ ብቻውን ምንም አያደርግም።

እዚህም ጨርሶ አይገኝም አልልም። በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ የሚሠራው የቤተ መጻሕፍት ሕግ አፋቸውን በሌላ ቋንቋ ለፈቱ ሰዎች ልዩ ትኩረት እንዲሰጥ ያዝዛል፤ የሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት ከሌለው ከሌላ ከተማ ያስመጣል። ብቻ ጠይቁ፤ ሳትጠይቁ የሚሰጣችሁ የአውቶቡሷን ሴት ነው። እሷንም ቢሆን አትናቋት፣ ለቋንቋው ትጠቅማለች፤ ሽፋኑን ደብቁ እንጂ አንብቡ። ከሁሉ በፊት ግን ኮታችሁ ላይ የሚንጠለጠል አንጸባራቂ ግዙ። በዚያ ጨለማ መንገድ ስታቋርጡ ሾፌሩ ካላያችሁ ሌላው ምክር ሁሉ ከንቱ ነው።

እኔም ጠይቄ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስመጣሁ። ከእኔ በፊት ያነበበው ሰው ቡና አፍስሶበታል፤ አልከፋኝም። እሜቴ ቦርሳዬ ውስጥ አይተውት ፊደሉን በማጉያ መስታወት መረመሩና በአማርኛ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። አንድ ገጽ አነበብኩ። ከዚያ «ጠጅ» በሉ አልኳቸው። «ተጅ» አሉ። እንደገና አስባልኳቸው። አሁንም «ተጅ»። የዚያችን የትንፋሽ ድምፅ ብድሬን መለስኩ።

ታሪኩን ደግሞ በየፈረቃው ቆራርጬ በስዊድንኛ ነገርኳቸው፤ ባላባቱን ፊታውራሪ መሸሻን፣ ልጃቸው ሰብለ ወንጌልን፣ ሊያስተምራት የመጣውን በዛብህን። ሁለቱ ወጣቶች እንደ ሞቱ ስነግራቸው እንባ ይመጣል ብዬ የወረቀት መሐረብ አቀረብኩ። መሐረቡን ለዳቧቸው ፍርፋሪ ተጠቀሙበት።

«ገዳዩስ ማን ነው?» አሉኝ።

ነገሩ ረጅም ነው፣ የዘር ቆጠራው፣ ባህሉ፣ ዘመኑ እያልኩ ማብራራት ጀመርኩ። እጃቸውን አንሥተው አቋረጡኝ።

«አባትየው ናቸው» አሉ። «ገና ሲገቡ ነው የጠረጠርኳቸው።»